ሁለት ስም በአንድ ደብተር፦ የገጠር ሴቶች የመሬት መብት በጎጃም ደጋማ አካባቢዎች

ደብረ ማርቆስ፦ በጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የአርሶ አደር ቤተሰብ ዋነኛ ሀብት መሬት ነው። ከብት ይሸጣል፣ እህል ያልቃል፣ ቤት ያረጃል፤ መሬት ግን ጎርፍ ካልሸረሸረው ወይም ሰው ካልነጠቀው ለልጅ ይተርፋል። ስለዚህም ስለ ገጠር ሴቶች እኩልነትና ተጠቃሚነት የሚነገረው ሁሉ ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። ባሏ የሞተባት፣ የተፋታች ወይም ባሏ ርቆ የሄደባት ሴት ስታርምበትና ስታጭድበት የኖረችው ማሳ በእጇ ይቀራል ወይስ አይቀርም?

በአማራ ክልል ለዚህ ጥያቄ የተሰጠው ሕጋዊ ምላሽ የባልና የሚስት ስምና ፎቶግራፍ በአንድነት የሰፈረበት የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ደብተሩ እንዴት እንደ መጣ፣ ለሴቶች ምን እንዳስገኘ፣ ምን እንደቀረው፣ ባለይዞታዎችም መብታቸውን ለማስጠበቅ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ከዚህ በታች ቀርቧል።

ከርስት ዘመን እስከ መሬት ላራሹ

ከ1967 ዓ.ም በፊት በጎጃም የነበረው ዋነኛ የመሬት ሥሪት ርስት ነው። የርስት መብት ከአንድ ቀደምት አባት እየተቆጠረ የሚወርድ ሲሆን፣ ቆጠራው በአባትም በእናትም በኩል ይሄድ ነበር። በደጋ ዳሞት የመሬት ሥሪትን ያጠናውና ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ1973 በመጽሐፍ ያሳተመው አሜሪካዊው ምሁር አለን ሆበን እንደገለጸው፣ ሴት ልጅም እንደ ወንድሟ የርስት ተካፋይ ነበረች።

በተግባር ግን ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ሴት ልጅ ስትዳር ወደ ባሏ መንደር ትሄዳለች። የትውልድ ቀዬዋ ርስት በወንድሞቿ እጅ ይቀራል። ድርሻዋን ለማስመለስ መሟገት ይጠበቅባት ነበር፤ የሙግቱ አደባባይ ደግሞ የወንዶች አደባባይ ነው። በሰማንያ የተጋቡ ባልና ሚስት አብረው ያፈሩትን ሀብት እኩል የመካፈል ልማድ ቢኖራቸውም፣ የየራሳቸው ርስት ግን ተከትሎ የሚሄደው የየራሳቸውን የዘር ሐረግ ነበር። ሴቲቱ መብት ነበራት፤ መብቷ ግን ብዙውን ጊዜ ወደ ልጆቿ ከመሻገር አልፎ በራሷ እጅ ሞፈር ሲያስይዛት አይታይም ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967 የርስትን ሥሪት አስቀረ። አዋጁ የጾታ ልዩነት ሳይደረግ በራሱ ጉልበት ለማረስ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ። ቃሉ እኩልነትን ቢናገርም መሬቱን ያከፋፈሉት የገበሬ ማኅበራት አባሎቻቸውን የመዘገቡት በአብዛኛው በቤተሰብ ኃላፊነት ነበር። የቤተሰብ ኃላፊ ተብሎ የሚመዘገበው ደግሞ አባወራው ነው። በዚህም የተነሳ ያገባች ሴት ከመሬት ጋር የነበራት ግንኙነት በባሏ በኩል የሚያልፍ ሆነ። ትዳሩ ሲፈርስ ግንኙነቱም አብሮ የመበጠስ አደጋ ነበረበት።

በ1989 ዓ.ም በአማራ ክልል በተለይም በጎጃም የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ የብዙ ቤተሰቦችን ይዞታ ቀየረ። ሽግሽጉ ዛሬም ድረስ በአካባቢው የሚወሳና የሚያነጋግር ነው። ከሴቶች አንጻር ሲታይ ግን ብዙ እማወራዎች በራሳቸው ስም መሬት ያገኙበት አጋጣሚ ነበር። ተመራማሪው ይግረመው አዳል በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ በሁለት የገጠር ማኅበረሰቦች ስለ መሬት ሽግሽጉና ስለ እማወራ ቤተሰቦች ያካሄዱት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2001 ታትሟል። ከጥናቱ ጎልቶ የሚወጣው ነጥብ ዛሬም የሚሠራ ነው፤ በሬ፣ ጉልበትና የግብርና ግብዓት ለሌላት ሴት መሬት ማግኘት ብቻውን የኑሮ ዋስትና አይሆናትም።

የሕጉ መሠረት

የ1987 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በተለይም መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው በግልጽ ያስቀምጣል። በውርስም እኩል ናቸው። አንቀጽ 40 ደግሞ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ አርሶ አደሩ መሬት በነጻ የማግኘትና ካለአግባብ ያለመነቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ስለዚህ በኢትዮጵያ "የመሬት መብት" ሲባል የይዞታና የመጠቀም መብት ማለት እንጂ መሬትን መሸጥ መለወጥ ማለት አይደለም።

ይህን መሠረት በማድረግ በፌዴራል ደረጃ በመጀመሪያ አዋጅ ቁጥር 89/1989፣ ቀጥሎ አዋጅ ቁጥር 456/1997፣ በቅርቡም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ወጥተዋል። አዋጅ ቁጥር 456/1997 መሬቱ የባልና የሚስት የጋራ ይዞታ ሲሆን የይዞታ ማረጋገጫው በሁሉም የጋራ ባለይዞታዎች ስም እንዲዘጋጅ ደንግጎ ነበር። የአማራ ክልልም በአዋጅ ቁጥር 46/1992 ጀምሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 133/1998 አጠናክሮ፣ በአዋጅ ቁጥር 252/2009 አሻሽሎ የራሱን የገጠር መሬት ሕግ አውጥቷል። የክልሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ደግሞ የተጋቢዎችን የግልና የጋራ ንብረት ጉዳይ ይገዛል።

ደብተሩ እንዴት ተጀመረ?

በአማራ ክልል የመሬት ምዝገባ ሥራ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። በስዊድን መንግሥት የልማት ድርጅት ድጋፍ መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በሚገኘው የጎዛምን ወረዳ ያለው የአዲስና ጉሊት ቀበሌ ሲሆን፣ ሌላው በደቡብ ወሎ የደሴ ዙሪያው ገራዶ ነበር። ከሙከራው የተገኘው ልምድ ወደ ሌሎች የክልሉ ወረዳዎች ተስፋፋ።

አሠራሩ ቀላልና የአካባቢውን ሰው ያሳተፈ ነበር። በቅድሚያ የቀበሌው ነዋሪ ተሰብስቦ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ይመርጣል። ኮሚቴው ከባለይዞታውና ከአዋሳኞቹ ጋር በየማሳው እየዞረ ድንበር ይለያል፣ በገመድ ይለካል፣ ስም ይመዘግባል። የተመዘገበው ዝርዝር ለሕዝብ ይፋ ይደረግና ቅሬታ ያለው እንዲያቀርብ ጊዜ ይሰጣል። ቅሬታው ከተጣራ በኋላ ዝርዝሩ በባሕር መዝገብ ሰፍሮ ለባለይዞታው ደብተር ይሰጠዋል።

በዚህ ሂደት ውስጥ ለሴቶች ወሳኝ የነበረው ውሳኔ የአንድ መስመር ጉዳይ ነበር፤ "ባለይዞታ" በሚለው ቦታ ላይ ማን ይጻፍ? ከአማራ ክልል ቀድሞ ምዝገባ በጀመረው በትግራይ ክልል የመጀመሪያው ደብተር የተሰጠው በአብዛኛው በቤተሰቡ ኃላፊ ስም ነበር። በአማራ ክልል ግን የጋራ ይዞታ የሆነው መሬት በባልና በሚስት ስም እንዲመዘገብ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍበት ተደረገ። ለአንዳንድ የገጠር ሴቶች ይህ በመንግሥት ሰነድ ላይ ስማቸውና መልካቸው የሰፈረበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ነበር።

በአገር አቀፍ ደረጃ የመጀመሪያው ዙር ምዝገባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 6 ሚሊዮን ለሚጠጉ ቤተሰቦችና 20 ሚሊዮን ገደማ ለሚሆኑ ማሳዎች የደረሰ ሲሆን፣ በዝቅተኛ ወጪ በመከናወኑ በዓለም ላይ እንደ ምሳሌ ሲጠቀስ ቆይቷል። ሁለተኛው ዙር ምዝገባ ደግሞ በአየር ላይ ፎቶግራፍ የተደገፈ ነው። እያንዳንዱ ማሳ ካርታና መለያ ቁጥር ያገኛል። የመጀመሪያው ደብተር "አዋሳኙ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ" ብሎ የሚያልፈውን ሁለተኛው በካርታ ላይ ያሳያል።

ደብተሩ ምን ለወጠ?

በምሥራቅ ጎጃምና በደቡብ ወሎ የተካሄዱ ጥናቶች ለዚህ ጥያቄ መልስ ሰጥተዋል። ክላውስ ዳይኒንገር፣ ዳንኤል አያሌው አሊ እና ተኪኤ ዓለሙ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት ጥናት፣ ደብተር ያገኙ አባወራዎችና እማወራዎች መሬታችን ይወሰድብናል የሚለው ስጋታቸው እንደቀነሰ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ላይ የሚያውሉት ጉልበት እንደጨመረ፣ መሬት ማከራየትና መከራየትም እንደተበራከተ አሳይተዋል።

የኪራዩ ጉዳይ ለሴቶች ልዩ ትርጉም አለው። በጎጃም እንደ ልማዱ ሴት በሬ ጠምዳ አታርስም። አረሙ፣ ጉልጓሎው፣ አጨዳው፣ አውድማ ልቅለቃው፣ ጎተራ ማዘጋጀቱ የእርሷ ድርሻ ቢሆንም ሞፈር የሚይዘው ወንድ ነው። ስለዚህ ባል የሌላትና ለአቅመ እርሻ የደረሰ ወንድ ልጅ የሌላት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ መስጠት ግድ ይሆንባታል። ምርቱ በእኩል ወይም እንደ ስምምነታቸው በሲሶ ይካፈላል።

ደብተር ባልነበረበት ጊዜ መሬቷን ለሌላ ሰው የሰጠች ሴት "አላረሰችውም" ተብላ በሚቀጥለው ሽግሽግ እንዳትነጠቅ ትሰጋ ነበር። እኩል አራሹ ብዙውን ጊዜ የባሏ ወንድም ወይም ሌላ የቅርብ ዘመድ በመሆኑም፣ አሠራሩ ቢከፋ እንኳ ልታሰናብተው ትቸገር ነበር። ስቴይን ሆልደንና ምንተዋብ በዛብህ በአማራ ክልል ባካሄዱት ጥናት፣ ሴቶች ለእኩል አራሽ የሰጡት መሬት ምርታማነት ወንዶች ከሰጡት ዝቅ ብሎ ተገኝቷል። ለዚህ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ሴቶቹ አራሹን የመምረጥና የመለወጥ አቅማቸው አነስተኛ መሆኑ ነው። የሴቲቱ መሬት ዘግይቶ ይታረሳል፣ ዘግይቶ ይዘራል፣ ማዳበሪያውም ይሳሳል። ደብተሩ በእጇ ያለ ሴት ግን "ለከርሞ ለሌላ እሰጣለሁ" ማለት ትችላለች። የሕግ ባለሙያዎች ከሚያወሷቸው ትላልቅ መብቶች ይልቅ ይህች አንዲት ቃል በየዓመቱ የእህል መጠን ላይ ለውጥ ታመጣለች።

ከአፈር ጤና አንጻርም ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በጎዛምን፣ በማቻክልና በሌሎች የጎጃም ደጋማ ወረዳዎች የአፈር አሲዳማነት የስንዴ፣ የገብስና የባቄላ ምርትን ይቀንሳል። መፍትሔው በማሳው ላይ የግብርና ኖራ መበተን ነው። ኖራ ግን ወጪው ዛሬ ወጥቶ ጥቅሙ ለተከታታይ ዓመታት የሚገኝ ነው። እርከንም እንዲሁ ነው። ለአንድ ክረምት ብቻ የያዘው እኩል አራሽ ለከርሞ የማያጭደውን ማሳ ኖራ ሊጨምርበት አይነሳሳም። ባለይዞታዋ በይዞታዋ ስትተማመን፣ ውሏም ለበርካታ ዓመታት ሲሆን ነው መሬቱ የሚታከመው።

የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ዘገባ፣ ሴት አርሶ አደሮች እንደ ወንዶች እኩል የግብርና ግብዓት ቢያገኙ የማሳቸው ምርት ከ20 እስከ 30 በመቶ ሊያድግ እንደሚችል ገምቷል። የሴቶች የመሬት መብት ከሴቶች ጉዳይነት አልፎ የእህል ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ደብተሩ ያልፈታቸው ችግሮች

የመጀመሪያው የበሬና የጉልበት ችግር ነው። ደብተር በሬ አይሆንም። በወንፈልና በደቦ ጉልበት መለዋወጥ የሚቻለውም የሚመልስ ጉልበት ላለው ነው። "ሴት አታርስም" የሚለው ግን የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን ልማድ መሆኑን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዚሁ ክልል በደቡብ ጎንደር በዙምራ ኑሩ መሪነት በ1964 ዓ.ም የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ አይከፍልም። በዚያ ሴቶች በሬ ጠምደው ያርሳሉ፤ ወንዶችም ምግብ ያበስላሉ።

ሁለተኛው ወለድ አገድ ነው። ገንዘብ የቸገረው አርሶ አደር ከአበዳሪ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ብድሩን እስኪመልስ ድረስ መሬቱን አበዳሪው እያረሰ ምርቱን የሚወስድበት ይህ ልማድ በጎጃም የታወቀ ነው። ባል የጋራውን ማሳ ለሚስቱ ሳይነግር በወለድ አገድ ሲያስይዝ፣ ገንዘቡን ሳታይ የምታጣው ማሳውን ነው። የሁለቱ የጋራ በሆነ መሬት ላይ አንዱ ብቻውን የሚያደርገው ውል በሌላኛው ተቃውሞ ሊቀርብበት የሚችል ቢሆንም፣ ብዙ ሴቶች ነገሩን የሚሰሙት ሌላ ሰው ማሳውን ሲያርስ ካዩ በኋላ ነው።

ሦስተኛው የምዝገባው ይዘት ነው። ደብተር የወጣው ከጋብቻ በፊት ከሆነ የሚስት ስም በኋላ ካልገባ አይኖርበትም። ከሁለቱ አንዳቸው ከጋብቻ በፊት የነበራቸው መሬት የግል ነው ወይስ የጋራ የሚለውም በፍቺ ጊዜ በተደጋጋሚ የሚያከራክር ነው። በመዝገብ ያልሰፈረ ስምምነት በክርክር ጊዜ በምስክር ቃል ላይ ይወድቃል፤ ምስክሩ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የባል ጎረቤትና ዘመድ ነው፤ ወደ ባሏ መንደር የመጣችው እርሷ ናትና።

አራተኛው የመረጃና የውክልና ችግር ነው። ደብተሩ በሣጥን ተቆልፎ፣ ቁልፉ በአባወራው ወገብ ላይ በሚንጠለጠልበት ቤት ውስጥ የሚስት ስም መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። የግብርና ሥልጠናና የምርጥ ዘር መረጃም በአብዛኛው የሚደርሰው ስብሰባ ለሚወጣው አባወራ ነው። በቀበሌ የመሬት ኮሚቴ ውስጥ የሚቀመጡ ሴቶችም ቁጥራቸው ከመሟላቱ ባሻገር ድምፃቸው ካልተሰማ ትርጉሙ ይቀንሳል።

አምስተኛው ከከተሞች መስፋፋት ጋር የመጣ ነው። በከተማ ዳርቻ ያለ የእርሻ መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ካሳ ይከፈላል። መሬት በቀላሉ አይደበቅም፤ ገንዘብ ግን ይደበቃል። የጋራ ይዞታ ካሳ በአንድ ሰው የባንክ ሒሳብ ሲገባ የሁለቱ የዘመናት ልፋት በአንድ ቀን ወጪ ሊሆን ይችላል።

ከሕንድ መንደሮች የሚገኝ ትምህርት

የገጠር ሴቶችን ተጠቃሚነት በተመለከተ ብዙ የተሞከረባትና ብዙ የተጠናባት አገር ሕንድ ናት። ሕንድ የጀመረችው ከሌላ አቅጣጫ ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኤላ ባት በጉጃራት ግዛት አሕመዳባድ ከተማ በግል ሥራ የሚተዳደሩ ድሃ ሴቶችን የሚያስተባብር ማኅበር መሠረቱ። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ደግሞ የአገሪቱ የግብርናና የገጠር ልማት ባንክ የሴቶችን የቁጠባ ቡድኖች ከባንኮች ጋር ማገናኘት ጀመረ። ጥቂት ሴቶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ይቆጥባሉ፣ እርስ በርስ ይበደራሉ፣ ከዚያም ቡድኑ ራሱ ከባንክ ይበደራል። እቁብን ለሚያውቅ የጎጃም ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እቁብ ዙሩን ጨርሶ ሲበተን የቁጠባ ቡድኑ ገንዘቡን እያጠራቀመ መቀጠሉ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ በአስተዳደር በኩል የተወሰደ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ሥራ ላይ የዋለው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በመንደር ምክር ቤቶች ከመቀመጫዎቹ አንድ ሦስተኛው ለሴቶች እንዲሆን አደረገ። ራጋቤንድራ ቻቶፓድያይ እና ኤስተር ዱፍሎ እ.ኤ.አ. በ2004 ያሳተሙት ጥናት፣ በሴት የሚመሩ ምክር ቤቶች የመንደሩ ሴቶች አብዝተው በሚጠይቁት በመጠጥ ውኃ ላይ የበለጠ ገንዘብ እንዳዋሉ አሳይቷል። ወንበሩ ሲሞላ የሚሠራው ሥራም ተለወጠ።

በመሬት ውርስ በኩል ግን ሕንድ ዘግይታለች። የሂንዱ ቤተሰብ ሴት ልጆች በቤተሰቡ የጋራ ንብረት ላይ ከወንድሞቻቸው ጋር እኩል መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገው የሕግ ማሻሻያ ነው። በዚያን ጊዜ በጎጃም የባልና የሚስት ስም ያለበት ደብተር መታደል ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። ሁለቱ ልምዶች ጎን ለጎን ሲታዩ አንዱ የሌላውን ጉድለት ያሳያል። በዚህ የወረቀቱ መብት ቀድሟል፤ የተደራጀ ቁጠባና በስብሰባ ላይ የሚሰማ ድምፅ ይቀራል።

በክልሉ በብድር በኩል የቆየ መሠረት አለ። በ1987 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ለገጠር ሴቶች በቡድን ዋስትና ሲያበድር ቆይቶ በ2014 ዓ.ም ፀደይ ባንክ ሆኗል። በሁለተኛው ዙር ደብተር የመሬት የመጠቀም መብትን አስይዞ መበደርም ተጀምሯል። ይህ ለሴቶች በሁለት በኩል የተሳለ ቢላ ነው። በራሷ ስም ደብተር ያላት እማወራ በሬ መግዣ ልታገኝበት ትችላለች፤ ሳታነብ የፈረመች ሚስት ደግሞ ባልተጠቀመችበት ብድር ለዓመታት የማሳዋን ጥቅም ልታጣ ትችላለች።

መብትን ለማስጠበቅ ሊደረጉ የሚገባቸው

1. ጋብቻን ማስመዝገብ። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ልደትና ሞት በቀበሌ ይመዘገባሉ። በሽማግሌ ፊት የተፈጸመ ጋብቻ ሕጋዊ ዋጋ ቢኖረውም፣ በክርክር ጊዜ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ከብዙ ምስክር ይበልጣል።

2. ደብተሩን ማንበብና ማስነበብ። በደብተሩ የሁለቱም ስም በትክክል መጻፉን፣ ፎቶግራፋቸው መኖሩን፣ የማሳዎቹ ብዛትና አዋሳኞች አለመሳሳታቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ማንበብ የማትችል እናት በተማረ ልጇ ልታስነብበው ይገባል። የደብተሩን ቁጥር በሌላ ወረቀት ይዞ ኮፒውን በሌላ ቦታ ማስቀመጥም መልካም ነው። ስህተት ካለ ወይም ስም ከጎደለ በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ማስተካከያ ይጠየቃል።

3. የኪራይና የእኩል ውልን በጽሑፍ ማድረግ። ውሉ የዓመቱን ብዛት፣ ዘርና ማዳበሪያ የሚያቀርበው ማን እንደሆነ፣ የምርቱን አከፋፈል፣ የገለባውንም ድርሻ ጭምር መግለጽ አለበት። ገለባ ለከብት መኖ ዋጋ ያለው በመሆኑ በአውድማ ላይ ጠብ ከሚያስነሱ ነገሮች አንዱ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚቆይ ውል በወረዳው ጽሕፈት ቤት መመዝገብ ይኖርበታል።

4. ባዶ ወረቀት ላይ አለመፈረም። በብድር፣ በወለድ አገድም ሆነ በኪራይ ውል ላይ አውራ ጣት ከመንከር በፊት ይዘቱን ከሦስተኛ ወገን መስማት ይገባል። ሳታውቅ በጋራ ይዞታዋ ላይ ውል የተደረገባት ሚስት ጊዜ ሳትሰጥ ማመልከት አለባት፤ በዘገየች ቁጥር ውሉን ማፍረስ እየከበደ ይሄዳል።

5. ከሞት በኋላ ስም ማዛወርን አለማዘግየት። ባል ሲሞት የሞት የምስክር ወረቀትና የወረዳ ፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይዞ ይዞታውን በሚስትና በወራሾች ስም ማዛወር ያስፈልጋል። ዓመት ሁለት ዓመት ሲቆይ ማሳውን ለማረስ የገባው ዘመድ ራሱን እንደ ባለይዞታ መቁጠር ይጀምራል። ሴት ልጅም በሴትነቷ ወይም በመዳሯ ብቻ ከአባቷ መሬት ውርስ አትገለልም። ሆኖም የክልሉ ሕግ የመሬት ውርስን በግብርና ሥራ ከሚተዳደር ወይም መተዳደር ከሚፈልግ ሰው ጋር ስለሚያያይዘው፣ በከተማ ተቀጥረው የሚኖሩ ወራሾች አስቀድመው የሕግ ምክር ቢጠይቁ ይበጃቸዋል።

6. በፍቺ ጊዜ ድርሻን በመዝገብ ማስፈር። ሽምግልና ጠብን ለማብረድ ይጠቅማል። ነገር ግን "ለልጆች ስትይ ተዪው" በሚል ቃል የሚጠናቀቅ ሽምግልና መብትን ያሳጣል። የጋራ የሆነው መሬት ለሁለቱ እኩል ይካፈላል። ማሳው ከሕጉ ዝቅተኛ የማሳ መጠን በታች የሚሸነሸን ከሆነ ከማሳዎቹ እየመረጡ መደራደር ወይም በጋራ እየተጠቀሙ መቆየት ይቻላል። የተደረሰበት ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ውሳኔ ወደ ባሕር መዝገብ ካልገባ ግን ነገ ሌላ ክርክር ይወልዳል።

7. ካሳን በጋራ ሒሳብ መቀበል። የጋራ ይዞታ ካሳ የሁለቱም ነው። ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት የሁለቱ ፊርማ የሚያስፈልገው የባንክ ሒሳብ መክፈት ተገቢ ነው።

አቤቱታ የሚጀመረው ከቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ነው። ከዚያ ወደ ወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት፣ ክርክር ሲሆንም ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት ይሄዳል። የወረዳ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤቶች፣ በ1987 ዓ.ም የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር፣ እንዲሁም የዩኒቨርሲቲዎች የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አቅም ለሌላቸው ሴቶች ምክር ከሚገኝባቸው ቦታዎች መካከል ናቸው።

ጉዳዩ የከተማ ነዋሪዎችንም ይመለከታል። በደብረ ማርቆስ፣ በአማኑኤል፣ በቢቸና ወይም በሞጣ ሆኖ ከገጠር መሬት የሚከራይ ወይም ገንዘብ የሚያበድር ሰው፣ ከፊቱ የቀረበው ባል ብቻ ከሆነ ደብተሩን አስመጥቶ በውስጡ ስንት ስም እንዳለ ማየት አለበት። ሁለት ስም ካለ ሁለት ፊርማ ያስፈልጋል። ይህን ሳያደርግ የተዋዋለ ሰው የሚስትን መብት ከመንካቱም በላይ የራሱን ገንዘብ ለክርክር ያጋልጣል።

የዘንድሮው እርሻ ከመጀመሩ በፊት ባሉት የበጋ ወራት አዝመራ ተሰብስቦ፣ ጎተራ ሞልቶ፣ የሥራው ጫና ስለሚቀንስ ውል የሚታሰርበት፣ ብድር የሚከፈልበት፣ የሠርግ ድግስም የሚደገስበት ጊዜ ነው። ደብተሩን ከሣጥን አውጥቶ ባልና ሚስት አብረው የሚያነቡበት ምቹ ጊዜም ይኸው ነው።